ለ«ዘ ፕሬስቲጅ»፦ ፊት ለፊቴ አስቀምጠኸው ላላየሁት

ውድ «ዘ ፕሬስቲጅ»፣

መጨረሻህን ያየሁት ከመጀመሪያህ አንድ ቀን ዘግይቼ ነው። ከሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ዲቪዲህን ተከራይተን፣ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ሳሎን ምንጣፉ ላይ ተቀምጠን ስናይህ አመሸን። ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ከምትፈጀው ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ሲቀርህ፣ ምትሃተኛው ቦርደን ወደ መሰቀያው ሲወሰድ፣ መብራት ሄደ። ሻማ አብርተን ጠበቅን፤ አልመጣም። እንግዲያው ራሳችን እንጨርሰው ብለን እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን። እኔ ቦርደን በሆነ ዘዴ ከገመዱ ያመልጣል አልኩ። ወንድሜ ደግሞ መጨረሻው የባላንጣው የኤንጂየር ነው፤ ያ ማሽን የተባለው ነገር ባዶ ጩኸትና ብልጭታ መሆኑ ይጋለጣል አለ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መብራት ሲመጣ እኔ ፈጽሞ ተሳስቼ አገኘኸኝ። ወንድሜ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ተሳስቻለሁ አላለም። ወደ እሱ ክርክር እመለሳለሁ።

አንተን ገና ያላየ ሰው ይህ ደብዳቤ እጁ ከገባ፣ እዚህ ላይ ያቁመውና መጀመሪያ አንተን ይይ። ከዚህ በኋላ የምደብቀው ነገር የለኝም።

በቅድሚያ የማመሰግንህ ስላልዋሸኸኝ ነው። ስትጀምር የምታሳየው ጫካ ውስጥ መሬት ላይ የተበተኑ ጥቁር ባርኔጣዎችን ነው፤ አንድ ድምፅም በደንብ እያየን እንደሆነ ይጠይቀናል። ቀጥሎ ማይክል ኬን፣ የምትሃት መሣሪያ የሚሠራው ሽማግሌ ከተር ሆኖ፣ ለአንዲት ትንሽ ልጅ ያስረዳታል። ምትሃት ሦስት ክፍል አለው። ምትሃተኛው መጀመሪያ ተራ ነገር ያሳይሃል፣ ቀጥሎ ያንን ነገር ያጠፋዋል፣ በመጨረሻ መልሶ ያመጣዋል። ስምህ የዚህ የሦስተኛው ክፍል ስም ነው። እንግዲህ ባርኔጣዎቹንም ሕጉንም በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሰጥተኸኝ ነበር። ለልጅቷ እንጂ ለእኔ የተነገረ አልመሰለኝም።

ከሁሉ በላይ ግን ያ ወፍ አለ። ጠረጴዛው ላይ ከሽቦ የተሠራ የወፍ ቤት ተቀምጧል፤ ውስጡ አንድ ትንሽ ወፍ አለ። ጨርቅ ይለብሳል፤ ምትሃተኛው በእጁ ሲመታው ጨርቁ ዝርግ ይላል፤ ወፉም ቤቱም የሉም። ወዲያው ወፍ ከእጁ ብቅ ይላል። አዳራሹ ሲያጨበጭብ አንድ ሕፃን ግን ስቅስቅ ብሎ ያለቅሳል። ገደለው ነው የሚለው። ቦርደን ጎንበስ ብሎ በሕይወት ያለውን ወፍ ያሳየዋል፤ ይኸው፣ ምንም አልሆነም። ልጁ ወፉን ያይና የዚህ ወንድም የት ሄደ ብሎ ይጠይቃል።

መላ ምስጢርህን በአንድ ሕፃን አፍ ተናገርክ። እኔና ወንድሜ፣ ሁለት ወንድማማቾች፣ አንድ ምንጣፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሰማነው። ለወፉ አዘንን፤ አለፍን። ያን ሌሊት በሻማ ስንከራከር ከሁለታችን አንዳችንም ያንን ልጅ አላነሳነውም።

ቦርደን ሁለት ነበር። መንታ ወንድማማቾች አንድ ስም፣ አንድ ትዳር፣ አንድ ሕይወት ተካፍለው ይኖሩ ነበር፤ በየተራ አንዱ ቦርደን ሲሆን ሌላው ባርኔጣውን ወደ ግንባሩ ስቦ ጢም ለጥፎ፣ ፋለን የሚባል ዝምተኛ ረዳት ይሆናል። ይህንንም አልደበቅኸኝም። ከተር የቦርደንን ትርኢት እንዳየ አምሳያ ሰው ነው የሚጠቀመው ብሎ ለኤንጂየር በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግሮታል። ኤንጂየር አልተቀበለውም፤ ቀላል ሆነበት። እንደዚያ ያለ ተአምር እንዲህ ባለ ቀላል ነገር ሊሠራ አይችልም ብሎ መልሱን ፍለጋ ባሕር ተሻግሮ ኮሎራዶ ድረስ ሄደ። እኔም አብሬው ሄድኩ።

ሌላ ምስጋና አለኝ፤ ይህን እንኳ አንተም የምታውቀው አይመስለኝም። ከዓመታት በኋላ ብቻዬን እንደገና ሳይህ እናቴ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እንግሊዝኛ አትሰማም፤ ምን እየሆነ ነው ስትለኝ እያቆምኩ እነግራት ጀመር። እናቴ የማታውቀውን ትልቅ ሰው አንተ አትልም፤ የፊልም ሰውም ቢሆን። የቦርደንን ትርኢት፣ ኳሷን አንጥሮ በአንዱ በር ገብቶ በሌላው በር ብቅ ብሎ የሚቀልባትን፣ እንደተረዳችኝ ልታረጋግጥ ስትደግምልኝ «ሰውየው በዚህ ገቡ፤ በዚያ ወጡ» አለች። ፊልሙን አቆምኩት። በአማርኛ «ገቡ» ስትል አንድ የተከበረ ሰውም ነው፣ ሁለት ሰዎችም ናቸው። እንግሊዝኛው ቦርደንን «እሱ» እያለ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያስተኛናል። የእናቴ አንቱታ ግን እንቆቅልሹን ሳያውቅ ፈታው፦ ገቡ፣ ወጡ። አንዱ ገቡ፤ ሌላው ወጡ። ከዚያ ወዲህ አንተን በአማርኛ ለሰው ስነግር ቦርደንን አንቱ እላለሁ። የሚያስተውል ካለ ሁሉም ነገር እዚያው አለ።

ከመጨረሻህ ተነስቼ ወደ ኋላ ሳይህ ክፉ የመሰለኝ ነገር ሁሉ መልኩን ቀየረ። የኤንጂየር ሚስት ጁሊያ በውሃ ገንዳ ውስጥ እጇ ታስሮ ሰጥማ ስትሞት፣ ኤንጂየር ቀብሯ ላይ የትኛውን ቋጠሮ እንዳሰረባት ቦርደንን ይጠይቀዋል። ቦርደን አላውቅም ይለዋል። መጀመሪያ ሳየው ድንጋይ ልብ መሰለኝ። ሁለተኛ ሳየው ግን እውነት ሊሆን እንደሚችል ገባኝ፤ ያሰራት እጅ የሌላው ከሆነ ቀብር ላይ የቆመው በምን ያውቃል? ኤንጂየር ዕድሜውን የጨረሰው አንድ እውነተኛ «አላውቅም»ን ውሸት ነው ብሎ በማሳደድ ይሆናል።

ሳራን በተለይ ላመሰግንህ እፈልጋለሁ፤ ስለ እሷ የሚጻፈው ትንሽ ነው። ሬቤካ ሆል የተጫወተቻት ሚስት ከሁላችን በፊት አወቀች። እወድሻለሁ ሲላት ዓይኑን ታይና ዛሬ እውነት ነው፣ ዛሬ ግን አይደለም ትለዋለች። እኛ እንደ ጨዋታ አየነው፤ እሷ ግን በትክክል እየቆጠረች ነበር። ኤንጂየር መልኩን ቀይሮ በጥይት የመያዝ ትርኢት ላይ ሽጉጡ ውስጥ ጥይት ከትቶ የቦርደንን ሁለት ጣቶች ካስቆረጠው በኋላ፣ መዳን የነበረበት ቁስል እንደ አዲስ ሲደማ ያየችው እሷ ናት። ያን ጊዜ ግራ የገባን እኛም ነበርን። የሌላው ወንድም ጣቶች በመሮ መቆረጣቸውን የምትነግረን በኋላ ነው። ሳራ ግን የሚነግራት አልነበረም። አንድ ቀን ከሚወዳት፣ በሌላው ቀን ከሚያስመስልባት ሰው ጋር አንድ አልጋ ላይ እያደረች እብድ የሆነችው እሷ እንድትመስላት ተደርጋ ሞተች። ቦርደንን የተጫወተውን ክርስቲያን ቤልን ሁለቴ ያየ ሰው የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት ይችላል፤ አንደኛው ትከሻው ላላ ያለ ነው፣ ሌላው ጥርሱን የነከሰ። የሳራን ዓይን ተውሼ ነው መለየት የጀመርኩት።

አሁን ወደ ወንድሜ ክርክር ልመለስ። ዛሬ አሜሪካ ነው የሚኖረው። እሁድ ስንደዋወል ስለ እናታችን ጤንነት፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት ተነጋግረን ስንጨርስ አንተ ትነሳለህ። ቴስላ ለኤንጂየር የሠራለት ማሽን በእውነት ሰው አያባዛም የሚለው ሐሳቡ ቀላል አይደለም፤ ሳላከብረው አልለፈው። ኤንጂየር የቦርደንን የዕለት ማስታወሻ ያነባል፤ ቦርደን እስር ቤት ሆኖ የኤንጂየርን ያነባል፤ ሁለቱም ማስታወሻዎች አንባቢያቸውን ለማሞኘት የተጻፉ ናቸው። እንግዲህ ኮሎራዶ ውስጥ ሆነ የተባለውን አብዛኛውን የሰማነው ከምትሃተኛ ብዕር ነው። ኤንጂየር ማሽኑን ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ላይ ሞክሮ፣ ከፊቱ የተገኘውን ሁለተኛውን ራሱን በሽጉጥ የገደለበት ትዕይንትም ራሱ ሊሞት ሲል የሚናገረው ነው። ሩት የሚባል፣ ቁርጥ እሱን የሚመስል ሰካራም ተዋናይ ቀድሞ ነበረው። ባርኔጣዎቹንም ቢሆን ገንዘብ የሚያስፈልገው ቴስላ ገዝቶ ጫካ ውስጥ ሊበትናቸው ይችላል። «ምትሃተኛ የነገረህን ነው የምታምነው?» ይለኛል ወንድሜ፤ ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ ያ የሻማው ሌሊት አለ።

የእኔ መልስ ከከተር ይጀምራል። ከተር ኤንጂየር ገንዳው ውስጥ ሲሰጥም ደርሷል፤ አስከሬኑን አይቷል፤ ቦርደን ገደለው ተብሎ ሲከሰስም ፍርድ ቤት ቀርቦ መስክሯል። በኋላ ያንኑ ሰው ሎርድ ኮልድሎው ተብሎ ቤቱ ውስጥ በሕይወት ያገኘዋል። የከተር ፊት ላይ ያለው ድንጋጤ የሞያ አድናቆት አይደለም። ሩት አንድ ሬሳ ሊሆን ይችላል፤ ካሜራህ በመጨረሻ የሚያልፍባቸውን የገንዳዎች ረድፍ ግን አንድ ሩት አይሞላውም። ኤንጂየር ትርኢቱን መቶ ጊዜ ብቻ አሳያለሁ ያለበትን ምክንያት አስበው። ከመድረኩ ሥር ገንዳዎቹን የሚያመላልሱት ሰዎች ዓይነ ስውራን የሆኑበትን ምክንያት አስበው። ለተራ ማታለያ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ አያስፈልግም። ማሽኑን የሠራው ቴስላ ራሱ ሲሄድ የተወው ምክር አጥፋው፣ ባሕር ጣለው የሚል ነው፤ ሰው አታልሎ ገንዘቡን የወሰደ ሰው እንዲህ ያለ ምክር ምን ያደርግለታል?

ግን የማስረጃ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ባለፈው እሁድ ለወንድሜ የነገርኩትን ለአንተም ልንገርህ። ማሽኑ ውሸት ነው የምንለው ውሸት እንዲሆን ስለምንፈልግ ነው። ማሽኑ ማታለያ ከሆነ በየምሽቱ ማንም አልሰጠመም ማለት ነው። ብልጭታው ጠፋ፣ ሰውየው ሰገነት ላይ ብቅ አለ፣ አጨበጨብን፣ ወደ ቤታችን ሄድን። ይህ ትርጓሜ ለሚያለቅሰው ልጅ ጎንበስ ተብሎ የሚታየው ሁለተኛው ወፍ ነው። ይኸው፣ ምንም አልሆነም። አንተ ግን በመጨረሻዋ ምስልህ ካሜራውን አንድ ገንዳ ላይ አቆምከው፤ ውስጡ የኤንጂየር ፊት አለ። የልጁን ጥያቄ ነው የመለስክለት። ወንድሙ ይኸውልህ።

ወንድሜ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ እንደገና አየዋለሁ አለ። ከእሱ አፍ ይህን መስማት ቀላል ነገር አይደለም።

ስለ ማሽኑ እርግጠኛ ብሆንም እርግጠኛ ልሆን የማልችልበትን ነገር ደግሞ ተውክልኝ፤ ለእሱም ምስጋናዬ ይድረስህ። ኤንጂየር ከባርኔጣዎቹ የትኛው የእሱ እንደሆነ ሲጠይቅ ቴስላ ሁሉም ያንተ ናቸው ይለዋል። በሙከራው ጊዜ ግን ባርኔጣው ከማሽኑ ላይ አልተነቃነቀም ነበር፤ ለዚህ ነው አልሠራም ብለው ያዘኑት። ሌሎቹ ናቸው ራቅ ብለው ጫካ ውስጥ ተከምረው የተገኙት። እንግዲህ መድረኩ ላይ ማሽኑ ውስጥ የሚቆመው ሰው የሚቀረው እዚያው ነው፤ ወለሉም የሚከፈተው ከእሱ እግር ሥር ነው። በዚህ ሒሳብ የመጀመሪያው ኤንጂየር የሰጠመው በመጀመሪያው ምሽት ነው። ከዚያ በኋላ ያየነው ሁሉ ሰገነት ላይ ብቅ ያለ፣ በየምሽቱ መትረፉን ብቻ የሚያስታውስ ሰው ነው። የሰጠመው ደግሞ የሚመሰክርበት አፍ የለውም። ኤንጂየር ግን በየምሽቱ ሳጥኑ ውስጥ እንደሚቀር ወይም ሰገነት ላይ እንደሚወጣ ሳያውቅ መግባት ድፍረት ይጠይቅ እንደነበር ይናገራል። ሂዩ ጃክማን ይህን ሲናገር ፊቱን አይቼ የትኛው ሒሳብ ትክክል እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። የሚያውቅ ሆኖ የማያውቅ መምሰል የሚፈልግ ሰው ፊት ሊሆን ይችላል።

በዚህ ላይ ደግሞ ከተር አለ። ጁሊያ ስትሞት ኤንጂየርን ለማጽናናት፣ ሰጥሞ የዳነ አንድ መርከበኛ ወደ ቤት እንደመሄድ ነው እንዳለው ነግሮት ነበር። በመጨረሻ ግን ውሸት እንደነበረ፣ መርከበኛው የተናገረው ስለ ሥቃይ እንደነበረ ነገረው። አንድ የማጽናኛ ቃል በስንት ሰው ላይ እንደዋለ ሳስብ አንዳንዴ እንቅልፍ ይነሳኛል።

በአጭሩ ላልፋቸው የማልፈልጋቸው ሰዎች አሉ። ክሪስቶፈር ፕሪስት በ1995 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ልብ ወለድ ባይኖር አንተ አትኖርም ነበር። መጽሐፉን ወደ ፊልም ጽሑፍ የቀየሩት ክሪስቶፈርና ጆናታን ኖላን ወንድማማቾች መሆናቸውን ሳውቅ ምንጣፉ ላይ የነበርነውን ሁለታችንን አስታወስኩ። ዴቪድ ቦዊ ቴስላ ሆኖ በመብረቆቹ መካከል ሲራመድ ዘፋኙን ፈጽሞ አላየሁትም። እውነተኛው ኒኮላ ቴስላ በ1899 እ.ኤ.አ. ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ሄዶ የከፍተኛ ቮልቴጅ ሙከራውን አድርጓል፤ ስለዚህ ኤንጂየርን ወደዚያ ስትልከው ከአየር ላይ አልፈጠርከውም።

እውነተኛው ምትሃተኛ ቹንግ ሊንግ ሱም እንደዚያው። አንተ ውስጥ፣ ከልብሱ ሥር ከባድ የዓሣ ሳህን በጉልበቶቹ መካከል ይዞ የሚራመድ፣ ምስጢሩ እንዳይወጣ ከመድረክ ውጭም እንደ ደካማ ሽማግሌ እየተንፏቀቀ የሚኖር ቻይናዊ ነው። ኤንጂየር ሲያየው ይገረማል፤ ቦርደን ግን ወዲያው ይገባዋል፤ ራሱም የሚኖረው እንደዚያ ነውና። በታሪክ የነበረው ሰው ግን ቻይናዊ እንኳ አልነበረም። ዊልያም ሮቢንሰን የሚባል አሜሪካዊ ነበር፤ ለዓመታት በቻይናዊ ስምና ልብስ ተሸፍኖ፣ መድረክ ላይ እንግሊዝኛ ሳይናገር ኖረ። በ1918 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ጥይት የመያዝ ትርኢቱን ሲያሳይ ጥይቱ በእውነት ወጣና ደረቱን መታው። ተመልካቹ ፊት በእንግሊዝኛ የተናገረው ያኔ ነው። የአንድ ሰው ሕይወት እስከ ምን ድረስ ምትሃት ሊሆን እንደሚችል አንተ አጋነንክ የሚል ካለ ይህን ሰው ያስታውስ።

የመጨረሻው ምስጋናዬ ስለ እናቴ ነው። ያን ቀን እያቆምኩ እየተረጎምኩ እስከ ዳር አደረስናት። አንደኛው ወንድም ተሰቀለ፤ ሌላው ኤንጂየርን ተኩሶ ገደለው፤ ከተር የቦርደንን ልጅ ይዞ ሲጠብቅ አባቷ በር ላይ ብቅ አለ። ልጅቷ እየሮጠች ሄዳ አንገቱን አቀፈችው። እኔ ያን ትዕይንት ሁሌም እንደ እፎይታ ነበር የማየው። ከስንት ሞት በኋላ ቢያንስ አንድ ሕፃን አባቷን አገኘች።

እናቴ ግን አላረፈችም። «ለተሰቀሉትስ ማን ለቅሶ ተቀመጠላቸው?» አለችኝ።

ምን እንደምመልስ ጠፋኝ። ልጅቷ አባቷ አጠገቧ ቆሞ እያለ ለማን ታለቅሳለች? ሚስት ሞታለች። ፍቅረኛው ኦሊቪያም ሄዳለች። ወንድሙ ቢያለቅስ ምስጢራቸው ይወጣል፤ ለዓለም ቦርደን ተሰቅሏል፣ ፋለን የሚባል ደግሞ ከመጀመሪያውም አልነበረም። ዕድሜውን በግማሽ የኖረ ሰው ለሞቱ አንድ ድንኳን እንኳ አልተተከለለትም። ይህን ሁሉ ዓመት አንተን ስፈታ ስቋጥር ስኖር ይህ ጥያቄ መጥቶብኝ አያውቅም ነበር።

እናቴ ምስሉን ለጥቂት ጊዜ አየችው። ገንዳዎቹ አለፉ፤ የመጨረሻው ፊት ታየ። ነጠላዋን ከትከሻዋ ላይ አስተካከለችና ቀስ ብላ «ነፍሳቸውን ይማር» አለች።

አክባሪህ